ስልኩ «ፈገግ ይበሉ» ሲለን

ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ውስጥ የእኛን የይለፍ ቃል የማያውቅ ሰው ከነበረ፣ ትናንት ከአውቶብስ የወረደ እንግዳ መሆን አለበት። በመጋዘናችን በር ጀርባ በጠመኔ ተጽፎ ነበር። የመጀመሪያው መኪናችን ታርጋ ነው። መኪናው ከተሸጠ ቆይቷል፤ የገዛውም ሰው መልሶ ሸጦታል፤ ታርጋው ግን እኛ ዘንድ ቀርቶ በኢንተርኔቱ በኩል በር ይከፍትልን ነበር። ሚዛን ያዡ ያውቀዋል፣ ሹፌሮቹ ያውቁታል፣ ፊት ለፊታችን ሻይ የምትሸጠዋም ታውቀዋለች። አንድ ቀን እኔ ረስቼው እሷ ናት ከመንገድ ማዶ ጮኻ የነገረችኝ። የመጋዘኑን ቁልፍ ግን ለማንም አልሰጥም። ቡና ይሰረቃል፤ ቁጥር ማን ይሰርቃል ብዬ ነው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ቡና ከጅማ ለማስወጣት መሸኛ ያስፈልጋል። መሸኛ የሌለው ቡና ኬላ ላይ ሲደርስ ኮንትሮባንድ ነው፤ ሹፌሩም አብሮ ይታሰራል። ድሮ መሸኛው በወረቀት ነበር፤ ማኅተም የሚመታው ሰውዬ ምሳ ከወጣ ቡናውም ምሳ ወጣ ማለት ነው። ኋላ በኢንተርኔት ሆነ። እኔ የተማርኩት ኬሻ ተሸክሜ ነው፤ ቢሆንም ያችን ገጽ ለመድኳት። የመኪናውን ታርጋ ትሞላለህ፣ የቡናውን ዓይነት ትሞላለህ፣ ከየት እንደመጣ ትሞላለህ፣ መሸኛው ይወጣል። አንዳንዴ «ሲስተም የለም» ይባላል። ሲስተም የለም ማለት ሻይ ጠጡ ማለት ነው፤ እንጠጣለን። ያን ጊዜ የምንፈራው ሲስተም እንዳይጠፋ ነበር። ሲኖር የባሰ ይመጣል ብሎ የጠረጠረ የለም።

ገጹ በሸሪኬ ስም ነበር። ሐጂ እላቸዋለሁ፤ ከተማው ሁሉ እንዲያ ነው የሚላቸው። ሄርማታ ተወልደው ሄርማታ ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ከደቡብ ለሸክም ሥራ የመጣሁ ጴንጤ ነኝ። ሽርክናችንን ወረቀት አላሰረውም። መስጊዱ አጥር ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፋቲሓ ተቀራ፣ እሳቸው ዱዓ አደረጉ፣ እኔም በእኔው መንገድ አሜን አልኩ፤ አለቀ። የንግድ ፈቃዱ በማን ስም ይውጣ የሚለው ጥያቄም አልሆነ። እኔ ያኔ የቀበሌ መታወቂያ እንኳ አልነበረኝም። «ስሙ የእኔ ይሁን፤ አንተ ሥራው» አሉኝ። እዚህ አገር ግማሹ ንግድ እንዲህ ነው የቆመው፤ የሚያፈርሰውም ሞት ብቻ ነበር።

ሐጂ ስልክ አይዙም። «ስልክ የያዘ ሰው ማንም በፉጨት የሚጠራው ውሻ ነው» ይሉ ነበር። አዲሱን መታወቂያ ለማውጣት አብረን ሄደን ፎቶ ሲነሱ፣ መዝጋቢዋ «ስልክ ቁጥር?» ስትላቸው በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ስልኬ ይኼ ነው» አሉ። ሳቅን፤ እሷም ሳቀች፤ ቁጥሬን ነገርኳትና ሞላችው። በእኛ ዘንድ ይህ ሞኝነት አልነበረም። ሰውን የሚፈልግ ሸሪኩን ይጠይቃል፤ እስከዚያን ቀን ድረስ የተሳሳተ ሰው አልነበረም።

ከረመዳን በኋላ ነው ስትሮክ የመታቸው። ለሱብሒ ሰላት ሊነሱ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ሆስፒታል ሰነበቱ፤ ነፍሳቸው ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ ይላሉ እሳቸው። የአፋቸው ቀኝ ጥግ ግን ወርዶ ቀረ። ቀኝ ዓይናቸው በቅጡ አይከደንም። ምላሳቸው ከበደና አማርኛው ቀድሞ ሄደ፤ ኦሮምኛው ቆየላቸው። የቀረችውንም አማርኛ ለስድብ ነው የሚያስቀምጧት፤ የሚሰደበውም እኔ ነበርኩ።

መልእክቱ የመጣው እሳቸው አልጋ ላይ እያሉ ነው። ለሐጂ ይላል፤ የመጣው ወደ እኔ ስልክ ነው። ለደኅንነትዎ ሲባል መግቢያው ተሻሽሏል፣ የድሮው የይለፍ ቃል አይሠራም፣ ባለፈቃዱ ራሱ በፊቱ ይመዝገብ፣ ፊቱም ከመታወቂያው ፎቶ ጋር ይመሳከራል ይላል። «ለደኅንነትዎ» የሚል ነገር ስሰማ ኪሴን እዳብሳለሁ፤ የገበያ ልማድ ነው። ያን ቀን ግን ብዙም አልደነገጥኩም። ፊት ነው የጠየቁት፤ ፊት አለን አልኩ።

መጋዘኑ ሙሉ ነበር። ከአጋሮና ከጌራ የተሰበሰበ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። አዲስ አበባ ያለው ላኪ «ጫን እንጂ!» እያለ በስልክ ይጮሃል። ክረምቱ ደግሞ ገብቷል፤ የጅማ ዝናብ ጣሪያ ባያፈስ እንኳ በግድግዳ በኩል ይተነፍሳል። ጀንፈል ያን ትንፋሽ ከጠጣ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ከዚያ በኋላ የሚያነሳው የለም። ያ ቡና በሰዓቱ ካልወጣ የሐጂና የእኔ ንግድ የሚባል ነገር አይኖርም። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ከዚህ የረቀቀ አልነበረም።

ስልኬን ይዤ መንደራ ቆጪ ቤታቸው ሄድኩ። በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ኮፊያቸውን አስተካከሉላቸው።

«አንተ ጴንጤ» አሉኝ በዚያ በከበደ ምላስ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ልታደርገኝ ነው?»

«ልድርዎ ነው። ፎቶ ላኩ ብለውኛል።»

«ዋላሂ ሰምቼያለሁ!» አሉ እትዬ፣ «ሙሽራዋ ምግብ ማጉረስ ትችል እንደሆነ ብቻ ጠይቅልኝ።»

ስልኩ መስኮት ከፈተና ክብ አሳየ። ፊትዎን በክቡ ውስጥ ያድርጉ አለ፤ አደረግን። ዓይንዎን ይክደኑ አለ። ግራው ተከደነ፤ ቀኙ እንደ ተሰበረ መዝጊያ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ቀጠለና ፈገግ ይበሉ አለ።

«ፈገግ ይበሉ ይላል፣ ሐጂ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ስልኩ።»

«ምን አይቼ?»

እትዬ ሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አላየሁም። ግን የሳቀው ግራው ወገን ብቻ ነው። ቀኙ የሌላ ሰው ይመስል ዝም ብሎ ያዳምጣል። አልተመሳሰለም፣ እንደገና ይሞክሩ አለ ስልኩ። ሞከርን። እንደገና ይሞክሩ አለ። እትዬ ትዕግሥታቸው አለቀና አውራ ጣታቸውን ከሐጂ ከንፈር ጥግ አስገብተው የወረደውን ወደ ላይ ደገፉት፤ ያጋደለ ኬሻ በትከሻ እንደሚደገፍ። ስልኩም ፊትዎን አይሸፍኑ አለ።

«አልሸፈንኩትም!» ብለው ተቆጡት እትዬ፣ «ደገፍኩት እንጂ!»

ከዚያ ተነሡና ከግድግዳው ላይ ትልቁን ፎቶ አወረዱ። ሐጅ ሄደው የተነሡት ነው። ነጭ ለብሰው፣ ፊታቸው ሙሉ፣ ፈገግታቸውም ሙሉ። መስታወቱን በሻሻቸው ጠረግ አድርገው ሰጡኝ። «ይኸው! የሚፈልገው ፊት እዚህ አለ። ይኼን አሳየው።»

አሁን ቢሮ ውስጥ ያሉ ሰዎች ይህን ማጭበርበር ይሉታል። ገበያ ውስጥ ግን ናሙና ነው የሚባለው። ቡና ሻጭ ኬሻውን ሁሉ መሬት ላይ አያፈስም፤ ካለው የተሻለውን በመዳፉ ይዞ ያሳያል፣ ገዢውም ከጭብጡ ኬሻውን ያውቃል። የሐጂም ናሙና ይኸው ነበር፤ ሰውየው ራሳቸው፣ በደህና ቀናቸው። ስልኩን ወደ ፎቶው አዞርኩ። ክቡ አረንጓዴ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ እትዬ «አየህ!» ብለው እጄን ያዙኝ። ከዚያ ቀላ። በቀይ ጽሑፍ፣ ሕያው ሰው አልተገኘም አለ።

«ምን አለ?» አሉ ሐጂ ከትራሳቸው።

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ዋጋ ለሰው ፊት ለፊት ነግሬያለሁ፤ ሲያለቅስም ዋጋ አልጨመርኩም። ይህን ግን ማንበብ አቃተኝ። «ኔትወርክ የለም ይላል» አልኩ። እትዬ በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው እየተመለከቱ ነበር፤ ማንበብ ይችላሉ። ፎቶውን ወስደው መልሰው ሰቀሉት። ሲሰቅሉት ተንጋደደ፤ አላስተካከሉትም። ወዲያው ሌላ መልእክት መጣ፦ በአጠራጣሪ ሙከራ ምክንያት ገጽዎ ታግዷል፣ ባለፈቃዱ በአካል ቢሮ ይቅረብ ይላል።

በአካል ቀረብን። ባጃጅ ውስጥ እትዬ በአንድ በኩል እኔ በአንድ በኩል አቅፈናቸው፣ ጉድጓድ በገባን ቁጥር «ያ ረቢ» እያሉ። ቢሮው ደረጃ አለው፤ ወረፋ የያዙ ነጋዴዎች ተሸክመው አወጡልን። ሁሉም ያውቋቸዋል። «አላህ ያሽርዎት ሐጂ!» ይላል አንዱ፤ «ወንበር፣ ወንበር ስጧቸው!» ይላል ሌላው። ወረፋውን ለቀቁልን። እፎይ አልኩ። ይህን ያህል ሰው እያየ እንዴት እምቢ ይለናል?

መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው እችልበታለሁ። በራሷ ካሜራ ሞከረች፣ ወንበሩን ወደ ብርሃን አዞረች፣ ደግማ ሞከረች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ አይደሉም ይላል» አለችኝ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ እያየኋቸው! አባቴ እኮ ለእሳቸው ነበር ቡና የሚሸጠው። ልጅ ሆኜ ከረሜላ ይሰጡኝ ነበር።»

«በይ እንግዲያው ጻፊልኝ። አውቃቸዋለሁ ብለሽ ጻፊ። ከፈለግሽ ይኼ ሁሉ ሰው ይፈርማል።»

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። «ጋሼ ሙት፣ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ተመልከት። ወይ ይመሳሰላል ነው፣ ወይ አይመሳሰልም።»

ተመለከትኩ። እውነቷን ነው፤ ቦታ የለውም። እኔና ሐጂ በሽማግሌ ቃል ብቻ ስንት ዘመን ነግደናል፤ አሁን ወረፋው ሙሉ ምስክር ቆሞ ምስክርነቱን የሚያኖርበት ቀዳዳ ጠፋ። ሐጂ ነገሩ ገብቷቸዋል። በግራ እጃቸው መስኮቱን ያዙና «አኑማ» አሉ። እኔው ነኝ ማለታቸው ነው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት፦ «አኑማ!» ልጅቷ «አውቃለሁ አባ፣ አውቃለሁ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ዓይኗ እንባ ሲሞላ ነገሩ እንዳበቃ ገባኝ። ነጋዴ የሚያዝንልህ የሚሸጥልህ ነገር ሲያልቅበት ነው።

መንገድ አልጠፋም፤ መንገድማ ሞልቷል፣ የሚያደርስ ነው የጠፋው። መታወቂያውን ከሰጡዎት ዘንድ ሄደው ፎቶውን ያስቀይሩ ተባልን። ሄድን። ፎቶ ለመቀየር መጀመሪያ ባለቤቱ መሆናቸው ይረጋገጥ፣ በስልካቸው ኮድ ይላካል ተባለ። ኮዱ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። አውጥቼ ላነብ ስል «ስልኩ የማን ነው?» አለ ሰውየው።

«የእኔ።»

«እርስዎ ለእሳቸው ምናቸው ነዎት?»

«ሸሪካቸው።»

«ልጃቸው ነዎት?»

«ሸሪካቸው አልኩህ።»

ሰውየው ፊቴን አየ፣ የእሳቸውን አየ፣ የአንገቴን መስቀል ፈለገ፣ የእሳቸውን ኮፊያ አየ። መስቀልማ አላደርግም፤ ጴንጤ ነኝ። «በሌላ ሰው ስም የወጣ መስመር ተቀባይነት የለውም» አለ። ውክልና ይስጡዎት አለን ደግሞ ሌላው። ውክልና ለመስጠት ወካዩ ራሱ መሆኑን ያረጋግጥ አሉን እዚያም፤ በምን ቢባል፣ በመታወቂያው። የቀኝ እጅ አሻራ ይስጡ ተባለ፤ የሐጂ ቀኝ እጅ ግን እንደ ተጨበጠ ቀርቷል፤ ጣታቸውን ልናላቅቅ ስንሞክር ጮኹ። እትዬ «በቃ!» አሉ። «ሰውየውን እንደ ዶሮ አገላበጣችሁት። በቃ ብያለሁ፤ ወደ ቤቱ።»

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ተመላለስኩ። ልጅቷ ባየችኝ ቁጥር ስክሪኑን ከፍታ ታሳየኛለች፤ ወደ አለቃ ጽፋለች፣ አለቃው ወደ በላይ አለቃ ጽፏል፣ ከላይ «እየታየ ነው» ተብሏል። እየታየ ነው! የማይታየው የእኛ ቡና ብቻ ነበር። ዝናቡ ደግሞ አይጽፍም፣ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይገባል። ጠዋት ጠዋት መጋዘን ገብቼ ክንዴን እስከ ብብቴ ኬሻ ውስጥ እሰዳለሁ። አንድ ቀን ሞቀኝ። ሌላው ኬሻ ውስጥ ሰደድኩ፤ ሞቀኝ። ከዚያ ውስጥ ስወጣ ክንዴ የአሮጌ ምድር ቤት ሽታ ይሸታል። ቡና የሚያውቅ ሰው ያን ሽታ ሲሸት ምን እንደሚሰማው፣ ልጁ ሌሊት ሲያስል የሰማ ያውቀዋል።

አጠገባችን ያለው ነጋዴ ወጣት ነው፤ ፊቱ ከስልኩ ጋር ይመሳሰላል። እኔ በር ላይ ቆሜ ሲያየኝ መጣ።

«ጋሼ፣ በእኔ ገጽ ላውጣልህ።»

«በምን ልክ?»

«ምንም አልፈልግም። ግን ቡናው በእኔ ስም ነው የሚገባው። ከአጋሮም ከጌራም ያሉት ሰብሳቢዎችህ ከእንግዲህ በእኔ ስም ነው የሚያስረክቡት፤ ሲስተሙ እንደዚያ ካልሆነ አይቀበልም።»

«እኔስ?»

«አንተማ እንደ ድሮህ ትሠራለህ። ስም እንደሆነ ድሮም አልነበረህ።»

ሊሰድበኝ አልነበረም። አስቦ የተናገረው እንኳ አይመስለኝም። ግን በገበያ ውስጥ ከዚህ ይልቅ በትክክል ተመዝኜ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ስም ኖሬ፣ ስሙ ሲታመም እኔም አብሬ ታምሜ መገኘቴ ነው። «ነገ ጫን» አልኩት።

ጭነው ሄዱ። የተበላሸውን ለይተን ትተን፣ ደህና የሚመስለውን ነው የጫንነው። መኪናው ሲወጣ እንደ ወትሮው ኋላውን መታ መታ አድርጌ አልሸኘሁትም፤ የእኔ አልነበረማ። ከአጋሮ አንዱ ሰብሳቢ ደወለ፤ የሐጂ ቤት ተዘጋ ይላሉ፣ እውነት ነው ወይ አለኝ። «ማን አለህ?» ስለው፣ «ሰው ሁሉ» አለኝ። ጌራ ያለው አልደወለም። ያልደወለው ይበልጥ አመመኝ።

ለሐጂ መንገር ቀረኝ። ወደ መንደራ ቆጪ ስሄድ ባጃጅ አልያዝኩም፤ በእግሬ ሄድኩ፤ መንገዱ እንዲረዝም ፈልጌ። እትዬ በር ላይ አስቆሙኝ።

«መስታወት አምጪልኝ እያለ አላስቀመጠኝም» አሉ በሹክሹክታ። «ከሰላት ሲነሳ መስታወት፣ ከምግብ ሲነሳ መስታወት። ፈገግታ ይለማመዳል። ጉንጩን በጣቱ እየጎተተ፣ ይኸው፣ አቁስሎታል። አንተ ነህ የምትነግረው፤ እኔ አልችልም።»

ገባሁ። የእትዬ ትንሿ መስታወት በግራ እጃቸው ናት። እኔን ሲያዩ መስታወቷን ብርድ ልብሱ ላይ አኖሩና፣ «ኮቱ፣ ኮቱ» ብለው ጠሩኝ፤ ና ማለታቸው ነው። ስልኩን አውጣ ብለው በአገጫቸው ወደ ኪሴ ጠቆሙ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩ፣ ደረታቸውን ነፉ፣ እና ፈገግ አሉ። ከጉንጫቸው ላይ የቆሰለው ቦታ ቀልቷል። ግራው ወገን እንደ ድሮው ሳቀ። ቀኙ ጥግ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በላይ አልሄደም። እንደዚያው አድርገው ይዘው ጠበቁኝ፤ ላባቸው በግንባራቸው ወረደ።

ኔትወርክ የለም ልል ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በየቀኑ ሊለማመዱ ነው፤ በየቀኑ ጉንጫቸውን ሊጎትቱ ነው።

«ሐጂ፣ ይተዉት» አልኩ። «ቡናውን በጎረቤታችን ስም ጭኜዋለሁ። ገጹም አይከፈትም ከእንግዲህ። አልቋል።»

ፈገግታው ወዲያው አልወረደም። ፊታቸው ላይ ቆየ፤ እንዴት እንደሚያወርዱት የጠፋቸው ይመስል። ከዚያ ቀስ ብሎ ግራውም ወደ ቀኙ ተመሳሰለ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ።

«አፉ በለኝ» አሉኝ።

እዚህ ሸሪኮች ሲለያዩ የሚባል ቃል ነው፤ የበደልኩህን ተወልኝ ማለት ነው። የበደለ ሰው ነው የሚለው። ምን በደሉኝ? ምንም። እሳቸው ግን ይህን ሲሉ በግራ እጃቸው የወረደውን ጉንጫቸውን ሸፍነው ነበር። ለፊታቸው ነበር ይቅርታ የሚጠይቁኝ።

«ምን አጠፉና» ብል ይከራከሩኛል፤ ቃሉ ደግሞ መልስ ሳያገኝ ከቀረ ይከብዳቸዋል። «አፉ ብያለሁ ሐጂ» አልኩ። እትዬ ገብተው መስታወቷን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሱና ወደ ጓዳ ይዘዋት ሄዱ።